ያልተቆጠረ ወፍ ሲጠፋ አይታወቅም

አማርኛችን ከወፎች ብዙ ተበድሯል። ንጋትን «ወፍ ሲንጫጫ» እንላለን፤ ሳንዘራው የበቀለውን ተክል «ወፍ ዘራሽ» ብለን እንጠራለን፤ ላይ ላዩን የተደረገን ዳሰሳ «የወፍ በረር ቅኝት» እንለዋለን፤ የሰውን አነጋገር ከትውልድ ቦታው ጋር ስናያይዝ ደግሞ «ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች» እንላለን። ይህን ሁሉ ያወረሱን አበው ወፎችን በቅርብ ያዩና ያዳመጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬስ? ከመማሪያ ክፍላችን መስኮት ማዶ ከሚያርፉት ወፎች መካከል ስንቱን በስም እንለያለን? ብዙዎቻችን ርግብ፣ ቁራ፣ ድንቢጥ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ ብለን ከዘረዘርን በኋላ እንቆማለን። የቀረው ሁሉ በጥቅሉ «ወፍ» ነው፤ ተለቅ ካለ ደግሞ «አሞራ»።

ኢትዮጵያ ግን ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ናት። ከእነዚህም አሥራ አምስት ያህሉ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኙ ብርቅዬዎች ናቸው። ስሙን የማናውቀውን ነገር መቁጠር አንችልም፤ ያልቆጠርነው ነገር ሲቀንስ አናይም፤ ሲቀንስ ያላየነውን ደግሞ ልንጠብቀው አይቻለንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ተማሪ ያለ ቤተ ሙከራና ያለ ብዙ ወጪ ወፎችን ማየት፣ መለየትና መቁጠር እንዴት እንደሚጀምር ማሳየት፣ ይህ ቀላል የሚመስል ተግባር ለወፎቹ ሕልውና ምን ያህል እንደሚጠቅምም በምሳሌ ማስረዳት ነው።

ዓይን፣ ጆሮ፣ ደብተር

«የፊዚክስ መምህራን ስለ ወፍ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ ወፍ መመልከት ልኬት ነው። ልኬት ባለበት ሁሉ ደግሞ መሣሪያ፣ የአለካክ ሥርዓትና የስህተት መጠን አሉ። እነዚህ ለእኛ የዕለት እንጀራችን ናቸው።

ከመሣሪያ እንጀምር። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከእኛው ጋር የተፈጠሩት ዓይንና ጆሮ ናቸው። ሦስተኛው ደብተርና እርሳስ ነው፤ በዝናብ የማይፈስ ስለሆነ ከብዕር ይልቅ እርሳስ ይመረጣል። አራተኛው፣ ከተገኘ፣ ባይኖኩላር ወይም የሩቅ ማሳያ መነጽር ነው። በባይኖኩላር ላይ «8×42» የሚል ጽሑፍ ብናገኝ የመጀመሪያው ቁጥር መሣሪያው ምስሉን 8 ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። 42ን ለ8 ስናካፍል የምናገኘው 5.25 ሚሊ ሜትር ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሰፋል። ስለዚህ በቀትር ብርሃን ትልቁ ሌንስ ብዙም ትርፍ የለውም፤ በንጋትና በምሽት ግን ጥቅሙ ይታያል። ማጉላት በጨመረ ቁጥር የእጃችን መንቀጥቀጥም አብሮ እንደሚጎላ አንርሳ። ለጀማሪ ስምንት እጥፍ ከአሥራ ሁለት እጥፍ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ባይኖኩላር ለአራትና ለአምስት ተማሪዎች ይበቃል፤ የሌለውም ሰው ያለ እርሱ ሊጀምር ይችላል።

ከቀለም በፊት ቅርጽ

አዲስ ተመልካች ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ቀለሙ ምን ነበር?» ብሎ ነው። ልምድ ያለው ግን ቀለምን ወደ መጨረሻ ያቆየዋል። አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ መጠኑ ከድንቢጥ፣ ከርግብ ወይስ ከቁራ ጋር ይቀራረባል? መንቆሩ አጭርና ወፍራም ነው፣ ቀጭንና ቆልማማ ነው ወይስ መንጠቆ አለው? ምን እያደረገ ነው? መሬት ላይ ይራመዳል፣ ይዘላል፣ በግንድ ላይ ይወጣል ወይስ በአየር ላይ ያንዣብባል? የት ነው ያለው? በሣር ላይ፣ በቁጥቋጦ፣ በዛፍ ጫፍ ወይስ በውሃ ዳር? ድምፁስ እንዴት ያለ ነው?

ቀለምን ወደ ኋላ ማቆየት ፊዚክሳዊ ምክንያት አለው። በአበባ ዙሪያ የሚሽከረከሩትን፣ ቀጭን ቆልማማ መንቆር ያላቸውን የአበባ ማር ቀሳሚ ትናንሽ ወፎች እናስታውስ። የወንዶቹ ላባ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ፣ አንዴ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህ የሚሆነው አንጸባራቂው ቀለም ከቀለም ንጥረ ነገር ብቻ የሚመጣ ስላልሆነ ነው። በላባው ውስጥ የተደረደሩ እጅግ ስስ ንብርብሮች አሉ፤ ከተለያዩ ንብርብሮች የተንጸባረቁት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። በውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና የሚመስለው በዚሁ ሕግ ነው። የምናይበት ማዕዘን ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል፤ ቅርጹ ግን አይቀየርም።

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች ላሉ ተማሪዎች ለመለማመጃ የሚሆኑ ሦስት ወፎችን እንጠቁም። የመጀመሪያው ማለዳና ማታ በቡድን ሆኖ በሻካራ ድምፅ እየጮኸ በሰማይ የሚያልፈው፣ ቀን ደግሞ በግቢ ሣር ላይ ረጅም ቆልማማ መንቆሩን መሬት ውስጥ እየወጋ ትል የሚፈልገው ጠቆር ያለ ትልቅ ወፍ ነው። ሲበር በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ይታያል። ሁለተኛው በሕንፃዎችና በገደሎች ላይ በብዛት የሚሰፍረው፣ በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ግራጫ ርግብ ነው። እነዚህ ሁለቱ በዓለም ላይ የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። በየዕለቱ በአናታችን ላይ የሚያልፉትን እነዚህን ወፎች ለማየት ብቻ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ከራስ ቅሉ ኋላ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቆሩ እጅግ የገዘፈው የደጋ ቁራ ነው፤ መኖሪያውም በአፍሪካ ቀንድ የተወሰነ ነው።

ወፍ ሲንጫጫ

ለምልከታ የሚመረጠው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ወንዶቹ ወፎች በዝማሬ ክልላቸውን የሚያስከብሩት፣ ተጓዳኝም የሚጠሩት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። ለምን በንጋት? አንዱ ምክንያት ከአየሩ ጠባይ ጋር ይያያዛል። በሌሊት መሬት ስለምትቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ወደ ላይ የሚወጣው ሞገድ ጎብጦ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም። በዚህ የተነሣ ዝማሬው ከቀትር ይልቅ ርቆና ጠርቶ ይሰማል።

«ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች» የሚለው አባባልም ሳይንሳዊ እውነት አለው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒተር ማርለር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በአንድ የድንቢጥ ዓይነት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ዝርያ የሆኑ ወፎች ከቦታ ቦታ የተለያየ «ዘዬ» እንዳላቸውና ጫጩቶቹም ዘዬውን ከጎረቤቶቻቸው እየሰሙ እንደሚማሩት አሳይተዋል።

ትልልቆቹ አሞሮች ግን ለንጋት አይቸኩሉም። ጥንብ አንሳና ንስር ክንፋቸውን ዘርግተው ያለ ብዙ ድካም የሚንሳፈፉት ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ተሸክሟቸው ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ እነርሱን ለማየት ረፋዱን መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንዱን በትክክል መቁጠር

ማየት ደስታ ነው፤ መመዝገብ ሳይንስ ነው። በእያንዳንዱ ምልከታ ቀኑ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የተመልካቾቹ ብዛት፣ ከዚያም እያንዳንዱ የታየ ወፍና ቁጥሩ ይጻፋል። ሰዓቱ ለምን ያስፈልጋል? ሰኞ በአንድ ሰዓት 12 ርግቦች፣ ማክሰኞ በሁለት ሰዓት 18 ርግቦች ተቆጠሩ እንበል። ማክሰኞ የበለጡ ይመስላል፤ በሰዓት ሲሰላ ግን 12 እና 9 ነው። የተደከመበት ጊዜ ያልተጻፈበት ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

መንጋ ሲገጥመን አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። አሥር ወፎችን ቆጥረን የያዙትን ስፋት በዓይናችን እንለካለን፤ ያ ስፋት በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም እንገምታለን። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ቢገምቱ የግምቱ ልዩነት የስህተቱን መጠን ይነግረናል።

ከዚህ በተጨማሪ ማንኛውም ቆጠራ በራሱ መዋዠቅ አለው። እንደ መነሻ ሕግ፣ የመዋዠቁ መጠን የቁጥሩ ሁለትዮሽ ሥር ያህል ነው። 25 ብንቆጥር የሚጠበቀው መዋዠቅ 5 ያህል ነው፤ 100 ብንቆጥር 10 ያህል ነው። በመንጋ ለሚሄዱ ወፎች ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ስለሆነም ባለፈው ሳምንት 25 የነበረው ዛሬ 21 ቢሆን «ወፎቹ አለቁ» ብሎ መጮህ አይገባም። በየወሩ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ለዓመታት የተደረገ ቆጠራ ግን እውነተኛውን ለውጥ ከመዋዠቁ ይለያል። አልታየም የሚለውም መረጃ ነው፤ ዜሮ ቁጥር ነውና ይጻፍ።

ቆጠራ ምን ፈየደ?

ባሕር ማዶ ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት ካስተዋልናቸው ነገሮች አንዱ የሥነ-ሕይወት ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች፣ ተማሪዎችና ጡረተኞች ሳይቀሩ፣ ወፍ ቆጥረው ለተመራማሪዎች ማስረከባቸው ነው። በእንግሊዝ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር መጨረሻ ነዋሪዎች በጓሯቸው ለአንድ ሰዓት የሚያርፉትን ወፎች ይቆጥራሉ። በዚህና በመሰል ቆጠራዎች የታወቀው ነገር የሚያስደነግጥ ነበር፤ ማንም ይጠፋል ብሎ ያልጠረጠረው የቤት ድንቢጥ በእነዚህ ዐሥርት ዓመታት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ስለዚህ ብርቅ የሆነውን ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የምናየውንም መቁጠር ይገባል።

ከዚህ የከፋው በደቡብ እስያ ደረሰ። በሕንድ ኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ የጥንብ አንሳ ጎጆዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተቆጥረው ስለነበር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ሲቆጠሩ ቁጥሩ ማሽቆልቆሉ ታወቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው አገሮች የሦስት ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ወረደ። ምክንያቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ ለከብቶች ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በሞተው ከብት ሥጋ ውስጥ ቀርቶ የአሞሮቹን ኩላሊት ያበላሽ ነበር። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት መስጠትን በ2006 አገደች። ጥንብ አንሶቹ ሲጠፉ ግን ጥንቡ ለባዘኑ ውሾች ቀረ፤ የውሾቹ ቁጥር ሲጨምር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በርካታ የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል፤ ከእነዚህም አንዷ በከተሞቻችን ቄራዎችና የቆሻሻ መጣያዎች ዙሪያ የምናያት ትንሿ ጥንብ አንሳ ናት። ለጅብና ለውሻ የሚቀመጥ መርዝ አሞሮቹንም ይጨርሳል። ጥንዶቿ በዓመት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ በመሆኑ የጠፋው ቶሎ አይተካም። ዛሬ በከተማችን ቄራ ስንት እንዳሉ ካልቆጠርን ከሃያ ዓመት በኋላ «ድሮ ብዙ ነበሩ» ከማለት በቀር የምናቀርበው ማስረጃ አይኖረንም።

የማይታየው አጥር

በቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ፣ ሰውነቱ አመድማ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ገላጣ ቆዳ ያለው አንድ የቁራ ዘመድ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬዜማኒ ይባላል፤ በሳይንስ የታወቀውም በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ወፍ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ከመኖሪያው ወሰን ውጭ ያለው ምድር በዓይን ሲታይ ከውስጡ አይለይም፤ ያው ግራር፣ ያው ሣር፣ ያው ከብት ነው። ወፉ ግን አይሻገርም።

እንቆቅልሹን የፈታው ወፉ የታየባቸውንና ያልታየባቸውን ቦታዎች በጥንቃቄ መዝግቦ ከአየር ንብረት መረጃ ጋር ማነጻጸር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው የመኖሪያው ወሰን የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነበት ቀዝቀዝ ያለ አካባቢ ጋር ይገጣጠማል። አጥሩ የሙቀት አጥር ነው። ወፎች የላብ ዕጢ የላቸውም፤ ሲሞቃቸው አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ በትነት ይቀዘቅዛሉ። በኋላ የተደረጉ ምልከታዎች ይህ ወፍ ሙቀት ሲጨምር በአካባቢው ካሉ ሌሎች ወፎች ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያለከልክና ምግብ ፍለጋውን እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥር ይህ አጥር ወደ ውስጥ ይጠባል፤ ወፉ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ ደግሞ የለውም። ያልታየባቸው ቦታዎች ባይመዘገቡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀም ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከኤሌክትሪክ ጋር ይያያዛል። በአንድ ሽቦ ላይ ያረፈ ወፍ ለምን አይሞትም? ሁለቱ እግሮቹ በአንድ ሽቦ ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ ልዩነት ከሌለ ጅረት በሰውነቱ ውስጥ አያልፍም። ክንፈ ሰፊ አሞራ ግን በብረት ምሰሶ ላይ አርፎ ክንፉ ሽቦውን ቢነካ ጅረቱ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። በፖርት ሱዳን አቅራቢያ የነበረ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚፈልሱትን ነጫጭ የግብፅ ጥንብ አንሶች ለዐሥርት ዓመታት ሲገድል ኖሯል። ይህ የታወቀው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከምሰሶዎቹ ሥር የወደቁት በድኖች ስለተቆጠሩ ነው፤ መስመሩ አገልግሎት እንዳይሰጥ የተደረገው ግን በ2014 ነው። ከእነዚሁ ወፎች ብዙዎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በእኛው አፋር ነው፤ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ በብዛት ያድራሉ። የሽቦ መሸፈኛ ማድረግና በሽቦዎቹና በምሰሶው መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ለመሐንዲስ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የትኛው ምሰሶ እንደሚገድል የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ከነገ ጀምሮ

ተማሪ ምን ማድረግ ይችላል? በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ካለ በውስጡ የወፍ ቆጠራ ቡድን ይቋቋም። ቡድኑ አንድ ቋሚ መንገድ ይምረጥ፤ በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ መንገድ ይቁጠር። ደብተሩ የግለሰብ ሳይሆን የክበቡ ይሁን፤ የሚመረቁት ለሚቀጥሉት ያስረክቡ። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች ጥሩ መገናኛ ነው። በየዓመቱ በጥር በብዙ አገሮች የሚደረገው የውሃ አዕዋፍ ቆጠራም ልምድ ይሰጣል። ኢንተርኔት ያለው ደግሞ ውጤቱን «ኢበርድ» በተባለው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ውስጥ ማስገባት ይችላል።

አንድ ተጨማሪ የቤት ሥራ እንስጥ። የመስክ መጻሕፍቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ አያቶቻችን ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎች ቋንቋዎች ለወፎቹ ያወጧቸው ስሞች አሏቸው። ለአዛውንቶች ወፉን ወይም ሥዕሉን እያሳያችሁ ስሙን ጠይቁ፤ ከሳይንሳዊው ስም ጎን ጻፉት። የወፉ ስም ከባለቤቶቹ ጋር ከመቀበሩ በፊት ይመዝገብ።

በመስክ ጨዋነት ይኑር። ወደ ጎጆ አንጠጋ፤ እናት ወፍ ስትሸሽ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ቁራም ያየዋል። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰማን አናታልል። በሰው ማሳ ስናልፍ ገበሬውን እናስፈቅድ፤ ባይኖኩላርን ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ወታደራዊ ሰፈርም ሆነ ወደ ሰው መስኮት አናዙር። የአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ወንጭፍ የያዘ ታናሽ ወንድም ያለው ደግሞ ከመቆጣት ይልቅ ይዞት ይውጣና ወፉን በመነጽር ያሳየው። ገበሬውን ስለ ወፍ ጥበቃ ስናነጋግር ግሪሳ ማሽላውን እንደሚጨርስበት አንዘንጋ፤ ግሪሳንና ተባይ በሊታውን ወፍ መለየትም ከማወቅ ይጀምራልና።

በዚህ ወር ውስጥ አንድ ማለዳ ምረጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በግቢያችሁ አንድ ዛፍ ሥር ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። የምታውቁትን በስሙ፣ የማታውቁትን በመጠኑ፣ በመንቆሩና በድምፁ ጻፉ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች የራሳቸውን ቆጠራ የሚያነጻጽሩበት መነሻ ግን እርሱ ይሆናል።

መልካም ምልከታ።